ለትንሽ ኮረብታ የሚሆን የፓርክ ስኪ አመራረጥ



የዓመት መጽሔቱ አዘጋጆች «ከትምህርት ቤታችን ወጥታችሁ በሄዳችሁበት አገር የተማራችሁትን አንድ ነገር ጻፉልን» ብለው በጠየቁን ጊዜ፣ እኛ ሦስት እህትና ወንድማማቾች ብዙ ተከራከርን። አንዳችን ስለ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና እንጻፍ አለች፤ ሌላው ስለ መንጃ ፈቃድ። በመጨረሻ የተስማማነው ጅቡቲ ሆኖ ለሚያነብ ሰው እንግዳ በሚመስል ጉዳይ ላይ ነው፤ ስለ በረዶ ሸርተቴ።

ምክንያታችን ቀላል ነው። ከትምህርት ቤታችን ወደ ሚኔሶታ የሚሄዱ ልጆች አሉ። አባት ወይም አክስት ቀድሞ ሄዶ ይጠራቸዋል። መንታ ከተሞች በሚባሉት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ የአገራችን ሰዎች ስለሚኖሩ እንጀራውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም አይጠፋም። የመጀመሪያው የበረዶ ወራት ሲመጣ ግን የክፍል ጓደኞች «አርብ ማታ ኮረብታው ላይ እንገናኝ» ይላሉ። ያን ጊዜ የትኛው ስኪ እንደሚያስፈልግ የሚነግር የአገር ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እኛ አላገኘንም። በዚህም ምክንያት ከሦስታችን ታናሹ ስድስት ሳምንት በክራንች ሄዷል። ይህ ጽሑፍ ሌላ ልጅ በክራንች እንዳይሄድ፣ ሌላ ወላጅም ገንዘቡን እንዳያባክን የተጻፈ ነው።

ኮረብታው ምን ያህል ነው?

ስኪ ሲባል በፊልም የምናየው ሰማይ የሚነካ ተራራ ነው። ሚኔሶታ ግን ሜዳ ነው። የግዛቱ ከፍተኛ ቦታ ኢግል ማውንቴን 701 ሜትር ብቻ ነው፤ ከራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ጋር አይወዳደርም። እኛ የተማርንበት በብሉሚንግተን ከተማ ያለው ሃይላንድ ሂልስ ከአናቱ እስከ እግሩ 53 ሜትር ገደማ ነው። ለጉብኝት ወደ አሳል ሐይቅ የሄዳችሁ ተማሪዎች ቁልቁለቱን ታስታውሳላችሁ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ ከሐይቁ ዳር እስከ ባሕር ወለል ከፍታ የምትወጡት የእኛን ኮረብታ ሦስት እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። በበርንስቪል ያለው በክ ሂል ከፍ ይላል፤ እሱም 94 ሜትር አካባቢ ነው።

በትንሽነቱ ግን አትናቁት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በቫንኩቨር ኦሎምፒክ በቁልቁለት ውድድር ወርቅ ያገኘችው ሊንድሲ ቮን በልጅነቷ የተማረችው በዚያው በበክ ሂል ነው። በፓርክ ስኪ በ2014፣ በ2018 እና በ2022 ኦሎምፒኮች ሜዳልያ ያገኘው ኒክ ጌፐር ደግሞ ያደገው ኢንዲያና ውስጥ 120 ሜትር ገደማ በሆነች ኮረብታ ላይ ነው። ትንሽ ኮረብታ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። መውረዱ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፣ መውጣቱም እንዲሁ፤ ስለዚህ በአንድ ምሽት 30 እና 40 ጊዜ መውረድ ይቻላል። መደጋገም ደግሞ ያስተምራል።

በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ኮረብታው ግን በመብራት ያመሻል። ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ የሚሰባሰቡበት ቦታ ስለሆነ፣ እኛም ብዙዎቹን ጓደኞቻችንን ያገኘነው በክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያ ገመድ ስር ተሰልፈን ነው።

ፓርክ ማለት ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ፓርክ ስንል የአበባ መናፈሻ ማለታችን አይደለም። ከኮረብታው አንድ ወገን ተለይቶ፣ በበረዶ የተሠሩ መዝለያዎች፣ የብረት ሐዲዶች፣ ከላይ ፕላስቲክ የለበሱ ሣጥኖችና ቱቦዎች የሚተከሉበት መስክ ነው። መግቢያው ላይ ብርቱካናማ ሞላላ ምልክት ይቆማል። ልጆቹ በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታሉ፣ በአየር ላይ ይሽከረከራሉ፣ ወደ ኋላ ዞረውም ይወርዳሉ። ይህ ጨዋታ ስሎፕስታይል በሚል ስም በ2014 በሶቺ ወደ ኦሎምፒክ ገብቷል።

ወደ ላይ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ያለማቋረጥ የሚዞር ገመድ ነው። ገመዱን በእጅ ይዞ ቆሞ መጎተት ነው። የሱፍ ወይም የስስ ጨርቅ ጓንት በጥቂት ቀን ይበሳል፤ የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል። ከስኪው በፊት ይህን ያወቅነው መዳፋችን ተልጦ ነው።

የፓርክ ስኪ ከሌላው በምን ይለያል?

አፍሪካውያን በስኪ አዲስ አይደለንም። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በ1998 በናጋኖ ተወዳድሯል፤ ውድድሩን ያሸነፈው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ መጨረሻ የገባውን ቦይትን ጠብቆ እንዳቀፈው ብዙዎች ያስታውሳሉ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው። የእነሱ ስኪ ግን የሜዳ ስኪ ነው፤ ቀጭንና ቀላል ሲሆን፣ እንደ ሯጭ ለመራመድ እንዲመች የእግር ተረከዝ አይታሰርም።

የቁልቁለት ስኪ ተረከዝንም ጣትንም ያስራል። የፓርክ ስኪ ከዚህ ወገን ነው፤ ልዩነቱ ግን የፊቱም የኋላውም ጫፍ ወደ ላይ መታጠፉ ነው። የተለመደው የቁልቁለት ስኪ ጅራቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደ ኋላ ሲወርዱበት በረዶ ውስጥ ይሰካል። ሁለቱ ጫፎች የታጠፉለት ስኪ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተስፋፍቶ ጨዋታውን ለወጠው። በገበያ ስትሄዱ መጀመሪያ ይህን እዩ። ጅራቱ ጠፍጣፋ ከሆነ የፓርክ ስኪ አይደለም።

ርዝመት፤ «እያደገ ይሄዳል» የሚባለው ስሕተት

አሜሪካ ሁሉንም በጫማና በፓውንድ ብትለካም ስኪ የሚለካው በሳንቲሜትር ነው። ስኪውን አቁማችሁ ከልጁ ቁመት ጋር አስተያዩት። ለጀማሪ የፓርክ ተጫዋች ጫፉ በአገጭና በግንባር መካከል ቢደርስ ጥሩ ነው። ቁልቁለቱን ለለመደና ትላልቅ መዝለያ ለሚዘል እስከ አናቱ ድረስ ይሄዳል። አጭር ስኪ በሐዲድ ላይ ለማዞር ቀላል ነው፤ ረጅሙ ደግሞ በፍጥነት ጊዜና ከዝላይ ሲያርፉ አይንቀጠቀጥም። በትንሽ ኮረብታ ብዙ ፍጥነት ስለማይገኝና ሐዲዱ ስለሚበዛ፣ በሁለት ርዝመት መካከል ስትወላውሉ አጭሩን ምረጡ።

ፍጥነት የማይገኝበትን ምክንያት የፊዚክስ ተማሪዎች በራሳችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ። ከአንድ መዝለያ በፊት 10 ሜትር ቁልቁል ወረዳችሁ እንበል። ሰበቃ ባይኖር፣ ፍጥነታችሁ √(2 × 9.8 × 10) ሲሆን፣ ይህም በሰከንድ 14 ሜትር፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እውነተኛው ፍጥነት በሰበቃና በአየር ግፊት ምክንያት ከዚህ ያንሳል። በትልቅ ተራራ ግን ከመዝለያው በፊት ብዙ እጥፍ ቁልቁለት ሊኖር ይችላል። ለዚያ የተሠራ ረጅምና ጠንካራ ስኪ እዚህ ሥራ ፈት ነው። በሒሳቡ ውስጥ ክብደት እንዳልገባም ልብ በሉ፤ ከባዱም ቀላሉም ልጅ በሐሳብ ደረጃ እኩል ይፈጥናሉ። ክብደት የሚገባው ስኪው ስንት ይጎብጣል በሚለው ላይ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

የእኛ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ታናሽ ወንድማችን ያኔ ቁመቱ 160 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 50 ኪሎ ነበር። እናታችን በትርፍ ሰዓት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ከአንድ ግለሰብ ያገለገለ 181 ሳንቲሜትር ስኪ ገዛንለት። ሻጩ «እያደገ ይሄዳል» አለን። እኛም የትምህርት ቤት ሱሪ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አስበልጦ የሚገዛበት ቤት ልጆች ስለሆንን ንግግሩ ደስ አለን። ሱሪ ይታጠፋል፤ ስኪ አይታጠፍም። ልጁ ሊያዞረው አልቻለም።

ወርድ፤ ሦስቱ ቁጥሮች

በስኪው ላይ እንደ 112–86–108 ያሉ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈው ታያላችሁ። የፊቱ፣ የወገቡና የኋላው ወርድ በሚሊሜትር ነው። ዋናው የመካከለኛው፣ ማለትም የወገቡ ነው። ከ100 በላይ የሆነ ሰፊ ወገብ ጥልቅ አዲስ በረዶ ላይ እንዳይሰምጥ የተሠራ ነው። በትንሽ ኮረብታ ያ ዓይነቱ በረዶ እምብዛም አይገኝም። እዚያ ያለው በረዶ በአብዛኛው በማሽን የሚሠራ ነው። ብርዱ ሲበረታ ውኃና የታመቀ አየር በኃይል ተረጭተው፣ ጠብታው መሬት ሳይደርስ ይረጋል። ይህ በረዶ ከሰማይ ከሚወርደው ይልቅ እፍግና ጠንካራ ነው። በመጋቢት ቀን ቀን ይቀልጥና ሌሊት ይረጋል፤ ጠዋት መስታወት ይመስላል። ጠንካራ ወለል ላይ የሚያስፈልገው መንሳፈፊያ ሳይሆን መንከሻ ነው። ስለዚህ ወገቡ ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ስኪ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቶሎ ይገለበጣል፣ በረዶውንም ይነክሳል።

ልስላሴ፣ ጥንካሬና ቅስት

ስኪውን መሬት ላይ አቁማችሁ ጫፉን በአንድ እጅ ይዛችሁ መሐሉን በሌላው ግፉት። ቶሎ የሚጎብጠው ለስላሳ ነው። ለስላሳ ስኪ በዝቅተኛ ፍጥነት ለሐዲድ፣ ለሣጥንና በጫፍ ላይ ቆሞ ለመሽከርከር ይመቻል፤ ለሚሳሳት ሰውም ይቅር ባይ ነው። ጠንካራው ለትልቅ ዝላይ ነው። የ50 ኪሎ ልጅ ለ85 ኪሎ ሰው የተሠራ ስኪ ቢያደርግ ሊያጎብጠው ስለማይችል፣ ስኪው ልጁን ይመራዋል እንጂ ልጁ ስኪውን አይመራውም። ለትንሽ ኮረብታ ለስላሳ ወይም መካከለኛ የሚበቃው ለዚህ ነው።

ቅስቱንም እዩ። ስኪውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ ብታስቀምጡት መሐሉ ከፍ ካለ ቅስት አለው። ሰው ሲቆምበት ቅስቱ ይዘረጋና ጠርዙ በሙሉ በረዶውን ይይዛል፤ ሲዘሉም እንደ ምንጭ ብረት ያነሳል። አንዳንዶቹ ደግሞ ጫፋቸው ከመሐሉ ጀምሮ ወደ ላይ ይነሳል፤ እነዚህ ለመዞር ቀላል ናቸው፣ ግን ጠንካራ በረዶ ላይ ያዳልጣሉ። ለእኛ የተስማማን ከእግር በታች ቅስት ያለው፣ ጫፎቹ ጥቂት ከፍ ያሉለት ነው።

ጠርዝና ሆድ

በስኪው ሁለት ጎን የብረት ጠርዝ አለ። በሐዲድ ላይ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ጠርዙ ይሰነጠቃል። በትንሽ ኮረብታ በአንድ ምሽት 30 ጊዜ ሐዲድ ላይ የሚወጣ ልጅ፣ በትልቅ ተራራ ከሚውለው ይልቅ ስኪውን ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ወፍራም ጠርዝ ያለውን ፈልጉ። ተራው 2 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ለፓርክ የሚሠራው ብዙ ጊዜ 2.5 ነው። የግማሽ ሚሊሜትሯ ልዩነት አንድ ተጨማሪ የበረዶ ወራት ልትሰጥ ትችላለች። በውስጡ የእንጨት ልብ ያለው ስኪም በአረፋ ከተሞላው ይልቅ ይቆያል።

ሆዱ፣ ማለትም በረዶውን የሚነካው የታችኛው ገጽ፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፕላስቲኩ ቀልጦ የተጎተተ ነው፤ ርካሽ፣ ለመጠገን ቀላልና ያለ ብዙ ሰም የሚሄድ ነው። ሁለተኛው ዱቄቱ በግፊትና በሙቀት ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው፤ ሰም በደንብ ይጠጣል፣ ሲቀባም ይፈጥናል፣ ካልተቀባ ግን ይደርቃል። ሰም ለመቀባት ጊዜ ለሌለው ልጅ የመጀመሪያው ይሻላል።

ማሰሪያው የት ይተከል?

በተለመደው ስኪ ማሰሪያው ከመሐል ብዙ ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይተከላል። በፓርክ ስኪ ግን መሐሉ ላይ፣ ወይም ከመሐል አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ወደ ኋላ ይሆናል። ምክንያቱ ወደ ኋላ ሲወርዱና ሲሽከረከሩ ሁለቱ ወገኖች እንዲመዛዘኑ ነው። ማሰሪያ በብሎን ስለሚመታ ስኪው ይበሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተበሳ ስኪ ይደክማል። በመጀመሪያው ቀን «የት ላድርገው?» ብሎ ባለሙያ ሲጠይቅ፣ «ለፓርክ ነው፣ ወደ መሐል አድርገው» ማለትን እወቁ።

ማሰሪያው ሁለት ጎን ፍሬን አለው፤ ስኪው ከእግር ሲወልቅ ብቻውን ቁልቁል ሄዶ ሌላ ሰው እንዳይመታ የሚይዘው እሱ ነው። የፍሬኑ ስፋት ከስኪው ወገብ ማነስ የለበትም፤ ከ15 ሚሊሜትር በላይ ቢበልጠውም በረዶ እየጫረ ያደናቅፋል።

ማሰሪያው መቼ ይልቀቅ?

ወላጆች፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። የስኪ ማሰሪያ ሁለት ሥራ አለው፤ እግርን መያዝ፣ በአደጋ ጊዜም መልቀቅ። በማሰሪያው ላይ ለምሳሌ ከ3 እስከ 10 የሚሄድ የቁጥር መስኮት አለ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ለመልቀቅ ብዙ ኃይል ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ቁጥር ያለ ምክንያት ይወልቃል፤ በከፍተኛ ቁጥር ደግሞ ሲወድቁ አይለቅም፣ ረጅሙም ስኪ እንደ ቁልፍ መፍቻ እጀታ ሆኖ ጉልበትን ይጠመዝዛል። ትክክለኛው ቁጥር በግምት አይገኝም። ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማው የሶል ርዝመትና የልጁ ችሎታ ተደምረው ከሠንጠረዥ ይወጣል። ይህን የሚያደርገው የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ ካስተካከለ በኋላም በመሣሪያ ይፈትነዋል።

የእኛ ስኪ ማሰሪያ አሮጌ ነበር። አምራቾች በየዓመቱ ኃላፊነት የሚወስዱባቸውን ማሰሪያዎች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ከዝርዝሩ የወጣ አሮጌ ማሰሪያ ሱቆች አይነኩም። የወሰድንበት ሱቅ «ይህን አናስተካክልም» ሲለን ሥራ የጠሉ መስሎን ተቆጣን። ሻጩ በመፍቻ ጠምዝዞ «አሁን አይወልቅም» አለን። እውነቱን ነበር፤ አልወለቀም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከአንድ ዝቅተኛ ሣጥን ላይ በዝግታ ሲወድቅ ስኪው እግሩ ላይ እንዳለ ተጠመዘዘ፤ የጉልበቱ ጅማት ተጎዳ። የሣጥኑ ከፍታ ከጉልበቱ አይበልጥም ነበር። እናታችን ለስኪው የከፈለችውን ሳይሆን ያን ምሽት ሥራ ላይ ሆና ስልክ ማንሳት አለመቻሏን ነው እስከ ዛሬ የምታነሳው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በስኪ ደግሞ በችኮላ የታጠቁት መፈታት ሲገባው አይፈታም።

ጫማ ከስኪው ይቀድማል

ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለጫማው አውጡት። የስኪ ጫማ ቁጥር የእግር ርዝመት በሳንቲሜትር ነው፤ እግሩ 25.5 ሳንቲሜትር የሆነ ልጅ 25.5 ያደርጋል። ለመፈተን የውስጡን ስፖንጅ አውጥታችሁ እግሩን በባዶው ቅርፊት አስገቡ። ጣቶቹ ፊቱን ሲነኩ ከተረከዙ ጀርባ አንድ ወይም ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰፊ ነው፤ ተረከዙ ከተነሳ ስኪው ትእዛዝ አይሰማም። ብርድ ፈርታችሁ ሁለት ካልሲ አትደርቡ፤ ደም ዝውውርን ስለሚያጠብብ እግር የባሰ ይቀዘቅዛል። አንድ ከጉልበት በታች የሚደርስ የሱፍ ካልሲ ይበቃል። የጫማው ሶል ዓይነትና ማሰሪያው መስማማታቸውንም ባለሙያው ያረጋግጥ።

መግዛት ወይስ መከራየት?

ለመጀመሪያው ዓመት ምክራችን መከራየት ነው። በሚኔሶታ ብዙ ሱቆች ለልጆች ስኪ፣ ጫማና ማሰሪያ አንድ ላይ ለሙሉ የበረዶ ወራት ያከራያሉ። በመጸው ወስዶ በጸደይ መመለስ ነው፤ ማሰሪያውንም እነሱ ያስተካክላሉ። ልጁ በዓመቱ ውስጥ ያድጋል፣ ምን እንደሚወድም ያውቃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ከመከራየታችሁ በፊት ግን በፓርክ መጠቀም የተፈቀደ መሆኑን ጠይቁ፤ ሐዲድ ጠርዝን ስለሚጎዳ የማይፈቅዱ አሉ።

በሁለተኛው ዓመት ያገለገለ መግዛት ይቻላል። በመጸው ወራት ያገለገሉ የስኪ ዕቃዎች ገበያ በየአካባቢው ይደረጋል። የሚከተሉትን ተመልከቱ።

1. ጠርዙን በጣት ጥፍር በዝግታ ዳስሱ። ከእግር በታች አንድ ሁለት ስንጥቅ ለፓርክ ስኪ የተለመደ ነው፤ ጠርዙ ወጥቶ ከተንጠለጠለ ተዉት።

2. ጎኑን እዩ። ንብርብሩ ከተላቀቀ ውኃ ገብቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

3. ሁለቱን ስኪዎች ሆድ ለሆድ አጋጥሟቸው። ቅስት ያላቸው ከሆነ መሐላቸው ላይ ክፍተት ይታያል። ክፍተቱ ከጠፋ ወይም የሁለቱ ካልተመሳሰለ ስኪው ሞቷል።

4. በሆዱ ላይ እንጨቱ እስኪታይ የዘለቀ ጉድጓድ አለመኖሩን አረጋግጡ። ያልዘለቀውን ጭረት ፕላስቲክ አቅልጦ መሙላት ይቻላል።

5. የተበሳበትን ቦታ ቁጠሩ።

6. የማሰሪያውን ዓይነት ስም ጻፉና ከመክፈላችሁ በፊት ሱቅ ደውላችሁ «ይህን ታስተካክላላችሁ?» በሉ። «አይ» ካሉ ዋጋው ነጻ ቢሆንም አትውሰዱት።

ስድስተኛው ጥያቄ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ስላልጠየቅን ስድስት ሳምንት ፈጀብን።

እንክብካቤ

አዲስ ስኪ ሐዲድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከእግር በታችና በጫፎቹ ላይ ያለው ጠርዝ በሞረድ ጥቂት ይደነዝ። ስለታም ጠርዝ ብረቱን ይነክስና ልጁን ያስወነጭፋል። ሁሉንም ግን አታደንዝዙ፤ ጠንካራ በረዶ ላይ ማቆሚያችሁ እሱ ነው። ማታ ወደ ቤት ስትገቡ ስኪውን በጨርቅ አድርቁ፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠርዙ ይዝጋል። በየጥቂት ቀኑ ሰሙን በካውያ አቅልጦ ሆዱን መቀባት፣ ሲቀዘቅዝ መፋቅ ነው። የልብስ ካውያችሁን ግን አትጠቀሙ፤ እኛ ሞክረን የአባታችንን ነጭ ሸሚዝ አበላሽተናል።

ኮረብታው ላይ

ሄልሜት ያለ ክርክር ይደረጋል፤ ለስኪ የተሠራ እንጂ የብስክሌት አይሁን። ከትንሹ ሣጥን ጀምሩ። ከመዝለላችሁ በፊት አንድ ጊዜ በጎኑ ወርዳችሁ የት እንደሚያርፍ እዩ። ማረፊያው ላይ ሰው አለመኖሩን ሳታረጋግጡ አትነሡ። ከወደቃችሁ ቶሎ ከማረፊያው ውጡ፤ ከላይ ያለው አያያችሁም። ተራ መጠበቅም አለ፤ እጅ አንሥቶ «እኔ ነኝ» ማለት ሕጉ ነው።

በማጠቃለያ፣ ለትንሽ ኮረብታና ለጀማሪ የፓርክ ልጅ የምንመክረው ይህ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ የታጠፈ፣ ከአገጭ እስከ ግንባር የሚደርስ፣ ወገቡ ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር፣ ለስላሳ ወይም መካከለኛ፣ ጠርዙ ወፍራም፣ ማሰሪያው ወደ መሐል የተተከለና በባለሙያ የተስተካከለ። ከልኩ የሆነ ጫማ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል።

ታናሽ ወንድማችን ጉልበቱ ድኖ በቀጣዩ ዓመት 151 ሳንቲሜትር ተከራየ፤ ቀጥሎም ተመሳሳዩን ገዛ። ዛሬ ቁመቱ ስላለፈው ያ ስኪ ጋራዣችን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከጅቡቲ ለመጣ ለመጀመሪያው ልጅ እናውሳለን ብለን ነው ያስቀመጥነው። እስካሁን ሁለት ልጆች ተጠቅመውበታል። ከማዋሳችን በፊት ግን ልጁን ከነጫማው ይዘን ወደ ሱቅ እንሄዳለን፤ የአንዱ ልጅ ቁጥር ለሌላው አይሆንምና።